ሁለት ባለጸጋ ቤቶች፤ የደብረ ማርቆስና የደብሊን

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባል ምሳሌ አለ። ይህንን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለ ኖርን፥ እውነት ይሁን ሐሰት ሳንመረምር እየሣቅን እንደግመዋለን። የመንግሥት ሥራ ከያዝን፥ ማኅተሙና ቁልፉም በእጃችን ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ሣቅ መሆኑ ቀርቶ ፈተና ይሆናል። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ ይህ ምሳሌ ምን ያህል እውነት እንዳለው በሁለት ባለጸጋ ቤቶች ታሪክ እንድንመረምረው አስቤአለሁ። አንደኛው በጎጃም ደጋ፥ በደብረ ማርቆስ ከተማ የነበረው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የልጃቸው የልዑል ራስ ኃይሉ ቤት ነው። ሁለተኛው በአየርላንድ አገር፥ በደብሊን ከተማ፥ ቢራ በመጥመቅ የከበረው የጊነስ ቤተሰብ ነው።

የሩቁን ከቅርቡ ጋራ ማወዳደር ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። ሁለቱም ቤቶች በየአገራቸው በሀብት ተወዳዳሪ ያልነበራቸው፥ ሁለቱም በየጊዜው በነውር ስማቸው የተነሣ፥ ከሁለቱም ውስጥ ከፋሺስቶች ጋራ የቆመ ሰው የተገኘ ነው። ነገር ግን የአንደኛው ሀብት በአንድ ፍርድ ሲበተን፥ የሁለተኛው ነውሩን ሁሉ ተሸክሞ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣ ማወቅ፥ በተለይ የመንግሥትን ገንዘብና ንብረት ለምንይዝ ሰዎች፥ የሚጠቅም ይመስለኛል።

አስቀድመን የደብሊኑን ባጭሩ እንመልከት። አርተር ጊነስ የተባለው የቤቱ መሥራች ከአንድ ሊቀ ጳጳስ፥ ከክርስትና አባቱ፥ 100 ፓውንድ በኑዛዜ አገኘ። ከዚህ በኋላ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1759 ዓ.ም. በደብሊን ከተማ፥ የቅዱስ ያዕቆብ በር በሚባለው ሰፈር፥ ሥራ ያቆመ አንድ የቢራ መጥመቂያ በዓመት 45 ፓውንድ እየከፈለ ለ9000 ዓመት ተከራየ። ዘጠኝ ሺህ ዓመት ሲባል ተረት ይመስላል፤ ሆኖም ውሉ በጽሑፍ የሰፈረና የተፈረመ ነበር። በ1775 ዓ.ም. የከተማው ሹማምንት ከመጠን በላይ ውሃ ትጠቀማለህ ብለው ቦዩን ሊደፍኑበት ሰዎች በላኩ ጊዜ፥ አርተር ጊነስ ዶማ ነጥቆ ተጋፈጣቸው ይባላል። ጠቡ ግን በዶማ አልተፈጸመም፤ ለብዙ ዓመታት በሕግ ሲያከራክር ከቆየ በኋላ በስምምነት አለቀ፤ ለውሃውም ኪራይ ተቈረጠለት። ይህንን ነገር በልባችን እንያዘው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የልጅ ልጁ ቤንጃሚን ሊ ጊነስ የደብሊንን የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ከ1860 እስከ 1865 ዓ.ም. ድረስ በራሱ ገንዘብ አሳደሰ። የቤንጃሚን ልጅ ኤድዋርድ ሴሲል በ1886 ዓ.ም. ፋብሪካውን ወደ አክሲዮን ኩባንያ ለወጠው፤ በ1890 ዓ.ም. ደግሞ ለድኾች መኖሪያ ቤት የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ሐኪምና ጡረታ በመስጠት በዘመኑ የታወቀ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ቤት ከነውር የጠራ አልነበረም። አብዛኛው የአየርላንድ ሕዝብ ካቶሊክ ሆኖ ሳለ፥ ፋብሪካው ረዘም ላለ ዘመን ካቶሊኮችን ወደ ከፍተኛ የአስተዳደር ሥራ አያስጠጋም ነበር። በ1929 ዓ.ም. ከዚሁ ቤተሰብ ብራያን ጊነስ የተባለው ወጣት ዳያና ሚትፎርድን አገባ። እርሷም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥላው የእንግሊዝ ፋሺስቶች መሪ ወደ ነበረው ወደ ኦስዋልድ ሞዝሊ ሄደች። በ1936 ዓ.ም. በበርሊን፥ በጎብልስ ቤት፥ ሂትለር በእንግድነት በተገኘበት ሥርዓት ጋብቻቸውን ፈጸሙ፤ ጦርነቱም በተነሣ ጊዜ ታሰረች። የብራያን አባት ሎርድ ሞይን በመካከለኛው ምሥራቅ የእንግሊዝ መንግሥት ሚኒስትር ሆኖ ሲሠራ በ1944 ዓ.ም. በካይሮ ከተማ ከነሾፌሩ ተገደለ። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ኩባንያው ሌላ ታላቅ ኩባንያ ለመግዛት ሲል የራሱን የአክሲዮን ዋጋ በስውር ከፍ አስደርጎ ተገኘ፤ ከቤተሰቡ ያልተወለደው ዋና ሥራ አስኪያጅም በ1990 ዓ.ም. ተፈርዶበት ታሰረ። ኩባንያው በ1997 ዓ.ም. ከሌላ ጋራ ተዋሕዶ ዲያጆ የሚል ስም ያዘ። ይህም ዲያጆ በእኛ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. በሰበታ የሚገኘውን የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ገዝቶ፥ በ2014 ዓ.ም. መልሶ ስለ ሸጠ፥ የደብሊኑ ሥራ ወራሽ በደጃችን አልፏል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጎጃም እንምጣ። ከዚህ በኋላ ዓመቱን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እናገራለሁ።

ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው፥ ስማቸውም ተክለ ሃይማኖት ተሰኝቶ ነገሡ። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማቸው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ንግሣቸው ግን በመከራ የታጀበ ነበር። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋራ ተዋግተው ቆስለው ተማረኩ። በ1880 ዓ.ም. በሣር ውሃ በደርቡሾች ድል ሆኑ፤ ከቤተሰባቸውም የተማረከ ነበር። ከዚያው ቀጥሎ ከአፄ ዮሐንስ ጋራ ተጣልተው አገራቸው ጎጃም በንጉሠ ነገሥቱ ጦር ጠፋ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ ዘመቱ፤ በ1893 ዓ.ም. ጥር ወር ዐረፉ። አዳራሻቸው እስከ እኛ ዘመን ድረስ በደብረ ማርቆስ ይታያል።

በዚያ ዘመን በነበረው ሥርዓት የአንድ ገዥ ሀብት ምን እንደ ነበረ ለማወቅ «ግብር» የሚለውን ቃል ማስተዋል ይበቃል። ባላገሩ ለጌታው የሚሰጠው እህል፥ ማርና ከብት ግብር ይባላል። ጌታው ደግሞ በአዳራሹ ሠራዊቱንና ባላገሩን ሰብስቦ ጠጁን ሲያስቀዳ፥ ያም ግብር ይባላል። አንዱ ቃል ሁለቱን ይዟል። የጎጃም ማር በግብር ገብቶ፥ ጠጅ ሆኖ በግብር ይወጣል። ባላገሩ የሚደርሰው ከሰጠው እጅግ ያነሰ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ቢሆንም ያስገባው ነገር በዚያው በአገሩ እንደሚጠጣ በዓይኑ ያያል።

ልዑል ራስ ኃይሉ የንጉሡ ልጅ ናቸው። ከአባታቸው ሞት በኋላ ጥቂት ዓመታት ሹመትና ሽረት፥ እስራትም አግኝቷቸው፥ በመጨረሻ የጎጃም ገዥ ሆኑ። ሴት ልጃቸው ሰብለ ወንጌል የልጅ ኢያሱ ባለቤት ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ ኤውሮጳ በሄዱ ጊዜ ተከትለው ከሄዱት ታላላቅ መኳንንት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። በዚያ ዘመን ከነበሩት መኳንንት መካከል የገንዘብን ጉልበት እንደ እርሳቸው የተረዳ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዓይነት ይገባ የነበረውን ግብርና የጉልበት አገልግሎት ወደ ጥሬ ብር መለወጥ ያዙ። ገንዘቡም ወደ አዲስ አበባ እየሄደ የኪራይ ቤትና ታክሲ ሆነ። በመዲናይቱ ዛሬም «ራስ ኃይሉ ሜዳ» ሲባል የምንሰማው የስማቸው ቅርስ ነው።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳናጓድል እንጠንቀቅ። የኪራይ ቤት መሥራትም ሆነ ታክሲ ማሠማራት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም መኳንንቱ ሁሉ ንግድን ሲንቁ እርሳቸው መድፈራቸው የሚያስመሰግን ነው። ነውሩ ያለው ከመነሻው ላይ ነው። የደብሊኑ ጠማቂ የሥራውን መነሻ ከኑዛዜና ከገበያ አገኘ፤ የሚጠጣ ሰው ከፈለገ ይገዛዋል፥ ካልፈለገ ይተወዋል። የደብረ ማርቆሱ ልዑል ግን መነሻውን ያገኙት ከሹመት ነው፤ ባላገሩ አልከፍልም ለማለት አይችልም። ከዚህም በላይ ግብሩ ወደ ብር ከተለወጠ በኋላ የግብር ሁለተኛው ትርጉም እየተረሳ ሄደ። ማሩ ጠጅ ሆኖ በአዳራሹ መመለሱ ቀርቶ፥ ብሩ ዓባይን ተሻግሮ በአዲስ አበባ ጎዳና በጎማ ይሽከረከር ጀመር። የጎጃም ሕዝብም በግብሩ ብዛት አጉረመረመ።

በ1924 ዓ.ም. ግንቦት ወር ልጅ ኢያሱ ከታሰሩበት ከፍቼ አመለጡ፤ ብዙም ሳይቆይ ተያዙ። በማምለጡ ነገር ራስ ኃይሉ እጃቸው አለበት ተብሎ ተከሰሱ። «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር የንጉሥ ልጅ በችሎት ቆሙ። የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው፤ ሀብታቸው ተወረሰ፤ የጎጃም ግዛትም ለራስ እምሩ ተሰጠ። ሠላሳ ዓመት ያህል የተከማቸው ሁሉ በአንድ ፍርድ ሄደ።

ለምን እንዲህ በቀላሉ ሄደ? ብትሉ መልሱ ይህ ነው። ከዚያ ሀብት ውስጥ የአባት ርስት የትኛው ነው፥ የንግድ ትርፍ የትኛው ነው፥ የመንግሥት ግብር የትኛው ነው ብሎ ለይቶ ሊያሳይ የሚችል መዝገብ አልነበረም። ሹመቱና ሀብቱ አንድ ላይ የተገመደ ገመድ ነበር። ሹመቱ ሲበጠስ ሀብቱም አብሮ ተበጠሰ። አርተር ጊነስ ከከተማው ሹማምንት ጋራ ስለ ውሃ በተጣላ ጊዜ የሚያሳየው ወረቀት ነበረው፤ ራስ ኃይሉ ግን ከንጉሠ ነገሥታቸው ጋራ በተጣሉ ጊዜ የሚያሳዩት የንጉሥ ልጅነታቸውን ብቻ ነበር። በዘመኑ ሥርዓት ሁሉም ገዥ እንደዚሁ ያደርግ ስለ ነበረ፥ ጥፋቱን በእርሳቸው ብቻ መጫን ትክክል አይደለም። ሆኖም እርሳቸው ከሁሉ አብልጠው ስለ ሰበሰቡ፥ ከሁሉ አብልጠው አጡ።

የከፋው ነውር ግን ከሀብቱ መወረስ በኋላ የመጣው ነው። በ1928 ዓ.ም. ግንቦት ወር ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጅቡቲ ሲጓዙ እስረኛው ራስ በባቡር አብረው ተወስደው ነበር፤ ድሬዳዋ ላይ ግን ቀሩ። ከዚያም ለጣልያን ገቡ። በ1929 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን እጃቸውን ለጣልያን የሰጡት ሕይወታቸው እንደሚጠበቅ ተነግሯቸው ነበር፤ በዚህም ነገር በአማላጅነት ከገቡት መካከል ራስ ኃይሉ ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ግን በፍቼ ተገደሉ። ሀብቱን ያጣ ሰው ሀብት ሊመለስለት ይችላል፤ ለሰው የሰጠው ቃል እንዲህ ሆኖ የቀረበት ሰው ግን ምን ይመለስለታል?

በዚሁ ጊዜ ቤቱ ራሱ ለሁለት ተከፈለ። ታላቁ ጌታ ከጠላት ወገን ሲሆኑ፥ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በጎጃም ዱር አርበኛ ሆነው ተዋጉ፤ የዚያው ቤት ተወላጅ ኃይሉ በለውም እንዲሁ። ከእነርሱ ጋራ በስም ከሚጠሩት የጎጃም አርበኞች መካከል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና በላይ ዘለቀ ይገኛሉ። በላይ ዘለቀ የንጉሥ ዘር አልነበረም፤ ማዕርጉን ያገኘው በጠመንጃው ነው።

በ1933 ዓ.ም. ጣልያኖች ከደብረ ማርቆስ ሲለቁ ከተማይቱን ይዘው የቆዩት ራስ ኃይሉ ነበሩ። መጋቢት 28 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ በገቡ ጊዜ፥ በአባታቸው ከተማ እጃቸውን ሰጡ። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተወስደው በጥበቃ ሥር ኖሩ፤ በ1940ዎቹ ዓመታት መጀመሪያም ዐረፉ። ከዚያ በፊት፥ በ1937 ዓ.ም. ጥር ወር፥ ከእስር ቤት አብረው አምልጠው የተያዙ ሁለት ሰዎች በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። አንደኛው የራስ ኃይሉ ልጅ፥ በጠላት ዘመን ከአባቱ ወገን የቆመው ማሞ ኃይሉ ነበር። ሁለተኛው አርበኛው በላይ ዘለቀ ነበር። የባለጸጋው ልጅና የባላገሩ ልጅ፥ ለጠላት የገባውና ጠላትን የተዋጋው፥ በአንድ ቀን በአንድ ዓይነት ሞት ሄዱ። ጎጃም ይህንን እስከ ዛሬ ያዝንበታል፤ የሚያዝነውም ስለ ባለጸጋው ሀብት አይደለም።

እንግዲህ ሁለቱን ቤቶች አቀራርበን እንያቸው። የጊነስ ቤት የቆየው በውስጡ ኃጥእ ስላልነበረበት አይደለም። የቆየው ፋብሪካው የራሱ መዝገብ፥ ቤተሰቡም የራሱ ኪስ ስለ ነበራቸው ነው። የአንዲት ሙሽራ ነውር ወደ በርሚሉ አልፈሰሰም። በ1986ቱ ማጭበርበር ጊዜም ጥፋተኛው የተያዘው መርማሪዎች ገብተው መዝገቡን ስለ ገለጡ ነው፤ መዝገብ በሌለበት ቤት ንጹሑንና አጥፊውን መለየት አይቻልም። የደብረ ማርቆሱ ቤት የወደቀውም በድኽነት ወይም በስንፍና አይደለም። የወደቀው የመንግሥት ሣጥንና የቤት ሣጥን በአንድ ቁልፍ ይከፈቱ ስለ ነበረ ነው።

እኔና እናንተ ግዛት የለንም፤ በግብር የሚገባልን ማርም የለም። ግን ያው ቁልፍ በትንሹ በእጃችን አለ። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ በገባሁበት ዓመት፥ ለታናሽ ወንድሜ ማስታወሻ መያዣ ይሆነዋል ብዬ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አንድ ደስጣ ወረቀት ልወስድ ሄድሁ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። አልተቈጡኝም፥ አልከለከሉኝምም። ሞዴል 22ን ከፈቱና ብዕራቸውን አንሥተው «ልጄ፥ ለምን ሥራ ወጣ ብዬ ልጻፍ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ወረቀቱን በመደርደሪያው ላይ መልሼ ወጣሁ። እኒያ ሰው ስለ ታማኝነት አንድ ቃል ሳይናገሩ፥ በአንድ ጥያቄ የሰሙኝን ስብከት ሁሉ አስናቁብኝ። በዚያ ቀን ያየሁት ነገር፥ ሞዴል 19ና ሞዴል 22 መንግሥት እኛን ስላላመነ ያወጣቸው ወረቀቶች ብቻ ሳይሆኑ፥ እኛንም ከራሳችን የሚጠብቁ አጥሮች መሆናቸውን ነው።

በ2002 ዓ.ም. የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ በወጣ ጊዜ ከባልደረቦቻችን ብዙዎች እንደ ውርደት ቈጥረውት ነበር። ነገሩን በራስ ኃይሉ ታሪክ መስተዋት ብናየው ግን መዝገቡ ለንጹሕ ሰው ምስክር ነው። ከአባቱ የወረሰውን፥ ከደመወዙ ቈጥቦ የሠራውን፥ ሚስቱ ነግዳ ያተረፈችውን አስቀድሞ ለይቶ ያስመዘገበ ሰው፥ የሽረት ቀን ሲመጣ የራሱን ይዞ በሰላም ቤቱ ይገባል። ሁሉን ደባልቆ የያዘ ሰው ግን የድካሙን ፍሬ እንኳ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ የሚከራከርበት ቃል አይኖረውም።

ስለዚህ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ምሳሌ ዛሬ በዚህ እናርመው። በደብረ ማርቆስ እንዳየነው፥ ሲሾም የበላ ሲሻር ያስረክባል። የሚያስረክበውም የበላውን ብቻ አይደለም፤ ያልበላውን፥ የአባቱን ስምና የልጆቹን እንጀራ ጭምር ነው። ነገ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤታችን ስንገባና ቁልፉን ከኪሳችን ስናወጣ፥ የትኛው የቤታችን፥ የትኛው የሕዝብ መሆኑን ለይተን እንያዝ።